ከአርባው በኋላ፦ በአሜሪካ የሐዘንተኛን ድጋፍ በየስቴቱ መፈለግ

አሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ መርዶን በስልክ መንገር እስከ ዛሬ ነውር ነው። አገር ቤት ሰው ሲያርፍ ዘመድ በቀጥታ ወደ ልጁ ወይም ወደ እህቱ አይደውልም፤ እዚያው ከተማ ላለ የቅርብ ወዳጅ ይነግራል፣ ወዳጁም ሌሎችን ያሰባስባል፣ ሌሊቱን ሲደዋወሉ አድረው ሐዘንተኛው ለሥራ ሳይወጣ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ አሥርና አሥራ አምስት ሰው ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። በሩን የከፈተው ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሴቶች ሲያይ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ይገባዋል።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለት ክፍል ያላት አፓርታማ በተጣጣፊ ወንበር ትሞላለች፤ የውሃው ካርቶን ከበሩ ጀምሮ ይደረደራል፤ ምስሩና ሽሮው በአሉሚኒየም ትሪ ተሸፍኖ ይመጣል፤ እድርተኛው በተራ ያድራል፤ አስከሬን ወደ አገር የሚላክ ከሆነም ገንዘቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዋጣል። በሙስሊሙ ቤትም ተዕዚያው እንዲሁ ነው። እኔ በምኖርበት በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ለእኔም ተደርጎልኛል፤ ያኔ ያ ሁሉ ሰው ባይኖር እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ወጉን ለማሳነስ አይደለም። የምለው ወጉ የተሠራው በይበልጥ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሆኑን ነው። ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ይመለሳል፤ አገር ቤት ቢሆን በየዕለቱ የጎረቤት ቡና ላይ የሚቀጥለው ማስተዛዘን፣ እዚህ ሁለት ሥራ በሚሠራ ሰው ኑሮ ውስጥ ይቋረጣል። ለብዙ ሐዘንተኞች ቤቱ ጭር የሚለውና ሐዘኑ የሚጠነክረው ያን ጊዜ ነው። የአሜሪካው ድጋፍ ደግሞ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ በመካከላቸው የሚወድቀውም ሐዘንተኛው ነው።

ድጋፉን ለመፈለግ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት፣ በዚህ አገር ሐዘንን የሚመለከት አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለመኖሩን ነው። ለሐዘን ከሥራ የሚሰጠው የዕረፍት ፈቃድ ሕግ፣ የአማካሪዎች የሙያ ፈቃድ፣ ለወንጀል ተጎጂዎች የሚከፈለው ካሳ፣ ሁሉም በየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ያለች እህት ያገኘችውን ነገር ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ ያለው ወንድሟ ላያገኘው ይችላል። በመላው አገር አንድ ዓይነት ሆኖ የሚገኘው ትልቁ በር የሆስፒስ በር ነው፤ ሆስፒስ የማይድን ሕመም ያለበትን ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ የሚንከባከብ አገልግሎት ነው።

በዋናነት ለአረጋውያን የተቋቋመው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ የሆስፒስን አገልግሎት መሸፈን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ ከሜዲኬር ጋር የሚሠራ ማንኛውም ሆስፒስ በሽተኛው ካረፈ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለቤተሰቡ የሐዘን ምክር እንዲያቀርብ ደንቡ ያስገድደዋል። ለዚህ ቤተሰቡ የሚከፍለው ተጨማሪ ሒሳብ የለም። በተግባር ሲታይ አንድ ለዚሁ ሥራ የተመደበ ባለሙያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይደውላል፣ በየጥቂት ወሩ ደብዳቤና አነስተኛ መጽሔት ይላካል፣ ለሳምንታት የሚቆይ የውይይት ቡድን ወይም ለብቻ የሚደረግ ንግግር ይዘጋጃል። አገልግሎቱ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል «ቢሪቭመንት» ነው፤ ስልክ ሲደወል ይህችን አንዲት ቃል ማለት ብቻ ወደ ትክክለኛው ሰው ያደርሳል።

አንዲት ጎረቤቴ እናቷን ቤቷ ውስጥ በሆስፒስ አስታማ ቀብራለች። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ወረቀት እንዳነብላት ጠራችኝ። የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስትስብ ከመብራትና ከኢንሹራንስ ደብዳቤዎች ሥር አራት ያልተከፈቱ ፖስታዎች ወጡ፣ በአራቱም ላይ የሆስፒሱ ስም አለ። «የዕዳ ደብዳቤ መስሎኝ ነው» አለችኝ፤ የእናቷን ሕክምና ሒሳብ የሚጠይቋት መስሏት መክፈት ፈርታ ኖሯል። የመጀመሪያው ፖስታ ውስጥ እናቷን ስትንከባከብ የነበረችው ነርስ በእጇ የጻፈችው ካርድ ነበር። ሁለተኛው ከሦስተኛው ወር ጀምሮ እንቅልፍና ምግብ እንደሚያስቸግር የሚያስረዳ ትንሽ መጽሔት ነው። ሦስተኛው ዘወትር ማክሰኞ ማታ ለስድስት ሳምንት ለሚካሄድ ስብሰባ መጥሪያ ነበር፤ ቀኑ አልፏል። አራተኛው በቀጥታ የሚደወልበትን ቁጥር ይዟል። ይህ የአንዲት ሴት ስንፍና አይደለም። በቋንቋዋ ያልተጻፈ፣ ምን እንደሆነ ማንም ያላስረዳት ወረቀት፣ ከዕዳ ወረቀት መካከል መግባቱ የሚጠበቅ ነው።

ብዙ ቤተሰቦቻችን ደግሞ እዚያም አይደርሱም፤ ምክንያቱም ሆስፒስ የሚለው ስም «ተስፋ ቆረጡባት» ተብሎ ስለሚሰማ እናትና አባት በሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ያርፋሉ፣ በዚህም ከሐዘን በኋላ የሚመጣው የአንድ ዓመት ክትትል ይቀራል። ሆኖም ብዙ ሆስፒሶች፣ በተለይ ለትርፍ ያልተቋቋሙት፣ በእነሱ ዘንድ ያልታከመ ሰው ለሞተበት ነዋሪም በራቸውን ይከፍታሉ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ሆስፒስ ለካውንቲው ነዋሪዎች ያለ ክፍያ የሐዘን ድጋፍ ይሰጣል፤ በሰሜን ቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዙሪያ የሚሠራው ካፒታል ኬሪንግም እንዲሁ ለአካባቢው ሕዝብ ክፍት የሆነ ፕሮግራም አለው። እዚያው ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው ዌንት ሴንተር ሙሉ ሥራው ሐዘንና ድንገተኛ ጉዳት ነው። በሌላ ስቴት ያለ ሰው በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒስ ደውሎ «የሞተብኝ ሰው እናንተ ዘንድ አልታከመም፣ ያረፈውም በኢትዮጵያ ነው፤ ለነዋሪው ክፍት የሆነ የሐዘን ድጋፍ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መልሱ «የለንም» ቢሆን እንኳ ያለውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁማሉ። የአካባቢውን አገልግሎት የሚጠቁመው 211 የተባለው ስልክም ለዚሁ ያገለግላል።

የቋንቋው ጉዳይ ግን በዚህ ብቻ አያልቅም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል፤ ልጅን ለእናቱ ሐዘን አስተርጓሚ ማድረግም ተገቢ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ «እናቴ መኖር አስጠልቷታል» የሚለውን ቃል በአፉ እንዲያሻግር ሲደረግ፣ ሐዘኑ በልጁ ላይ ይጫናል። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች ግን ይህን ያህል የለም፣ ጠይቆ ማግኘት ያስፈልጋል። ሌላም መናገር ያለብኝ ነገር አለ፦ በውይይት ቡድን መካከል በስልክ አስተርጓሚ መቀመጥ ብዙ አይሠራም። ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ሲያለቅስ በስልክ የሚመጣ ትርጉም ወግ ያቋርጣል። እንግሊዝኛው የማይመቸው ሰው ከቡድኑ ይልቅ ለብቻው ከአማካሪ ጋር በአስተርጓሚ መነጋገርን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አማርኛ የሚናገር አማካሪ ማግኘት ከሁሉም የተሻለ ቢሆንም፣ ስቴት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። አማካሪ የሚሠራው የሙያ ፈቃድ ባለው ስቴት ሲሆን፣ በቪዲዮም ቢሆን ወሳኙ ታካሚው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ በሜሪላንድ ፈቃድ ያላት አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ በቴክሳስ ዳላስ ያለችውን ሐዘንተኛ በስልክ ማከም ላትችል ትችላለች። ለሥነ ልቦና ዶክተሮች ሳይፓክት የተባለው የስቴቶች ስምምነት ይህን አጥር አላልቶታል፤ አብዛኞቹ ስቴቶችም ገብተውበታል። ለመጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አጭር ነው፦ «እኔ ያለሁት እዚህ ስቴት ነው፤ እዚህ ላለ ሰው የመሥራት ፈቃድ አለዎት?» በሐዘንተኞች መካከል የሚደረገው የእርስ በርስ ድጋፍ ግን ሕክምና ስላልሆነ ይህ ገደብ የለበትም። ልጅ የሞተባቸውን ወላጆች፣ እህትና ወንድሞችን፣ አያቶችን የሚያሰባስበው ኮምፓሽኔት ፍሬንድስ በ50ውም ስቴቶች ቅርንጫፎች አሉት፣ በኢንተርኔትም ይገናኛሉ።

ስለ ልጆች ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወጋችን በጣም የሚዘነጋው እነሱን ነው። መርዶ ሲረዳ ልጆች ወደ ጎረቤት ይላካሉ። «ልጅ አይሰማ» ይባላል፣ አባታቸው «ሩቅ አገር ሄደ» ይባላሉ፤ ቤቱ በሚያለቅስ ሰው ተሞልቶ እነሱ ከሶፋ ጀርባ ስልክ ይዘው ይቀመጣሉ። ይህ የሚደረገው ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን ልጁ ያየዋል፣ ያልተነገረውንም ራሱ ይሞላዋል፣ ብዙ ጊዜም «እኔ ስላስቸገርኩት ይሆን?» ብሎ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 በኦሪገን ፖርትላንድ የተከፈተው ዱጊ ሴንተር ለሐዘንተኛ ልጆች የተሠራ የመጀመሪያው የእኩዮች ድጋፍ ማዕከል ሲሆን፣ መነሻ ሐሳቡም ልጆች ሐዘናቸውን የሚያወጡት ከንግግር ይልቅ በጨዋታ ነው የሚል ነው። ግድግዳውና ወለሉ በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ «የእሳተ ገሞራ ክፍል» አለው፤ የተናደደ ልጅ ገብቶ እየጮኸ ትራስ ይወረውራል፣ ማንም አይቆጣውም። ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ ስቴቶች ተስፋፍቷል። ብዙ ኢትዮጵያዊ በሚኖርባቸው ከተሞች ስናይ በአትላንታ ኬትስ ክለብ፣ በሂውስተን ቦስ ፕሌስ፣ በዴንቨር አካባቢ ጁዲስ ሃውስ፣ በሎስ አንጀለስ አወር ሃውስ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በዋሽንግተን ስቴት ኤቨሬት የተጀመረው ካምፕ ኤሪን ከ6 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን ለቅዳሜና እሑድ ያለ ክፍያ ይወስዳል፤ ዛሬ በሌሎች ስቴቶችም ይካሄዳል። ናሽናል አላያንስ ፎር ችልድረንስ ግሪፍ የተባለው ማኅበር በድረ ገጹ ላይ ስቴት በመምረጥ የሚፈለግ ዝርዝር አለው። ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ስለሚያውቁ በእነዚህ ቦታዎች የቋንቋ ችግር አይገጥማቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው የሚያመላልሳቸው ሰው ነው፣ ያም ሰው ከእድርተኛው መካከል ሊገኝ ይችላል። አባት ወይም እናት በሶሻል ሴኩሪቲ የሠሩ ከሆነም ልጁ እስከ 18 ዓመቱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ካለ እስከ 19፣ በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ሊኖረው ስለሚችል ማመልከቻውን ማዘግየት አይገባም።

ለሐዘን ከሥራ የሚወሰደው የዕረፍት ፈቃድ ነገር ብዙዎችን ያስደነግጣል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጥ የፌዴራል ሕግ የለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ አምስት ቀን እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ኢሊኖይ ከዚያው ወር ጀምሮ ለትላልቅ አሠሪዎች እስከ አሥር የሥራ ቀን አድርጎታል፤ ኦሪገን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈቅዳል። እነዚህ በአብዛኛው ያለ ደመወዝ ናቸው። በሚኒሶታ ሠራተኛው ያጠራቀመውን የሕመም ፈቃድ ለቀብር ጉዳይ መጠቀም ይችላል። በሜሪላንድ ደግሞ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ያጠራቀሙትን ፈቃድ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛና ለወላጅ ሐዘን መውሰድ ይቻላል፤ ወንድምና እህት ግን አልተጠቀሱም፣ ለእኛ ይህ ለመረዳት የሚያስቸግር ነገር ነው። በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስና በጆርጂያ ጉዳዩ ለአሠሪው ፈቃድ የተተወ ነው። ቀብር ደርሶ ለመመለስ ብቻ ሁለት ቀን በአውሮፕላን ለሚፈጅበት ሰው ሦስት ቀን ፈቃድ ምን ይሆነዋል? ሐዘኑ ጤናን እስከማቃወስ ከደረሰና ሐኪም ከመሰከረ፣ በፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ሥራን ሳያጡ መቆየት የሚቻልበት መንገድ አለ።

ሰው በጥይት ወይም በሌላ ወንጀል ሲሞት የሚከፈተው በር ሌላ ነው። እያንዳንዱ ስቴት ለወንጀል ተጎጂዎች ካሳ የሚከፍል ፈንድ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው ሕግ አማካይነት የፌዴራል ድጋፍም ይደርሰዋል። ለቀብርና ለቤተሰቡ የምክር አገልግሎት እስከተወሰነ መጠን ይከፍላል፣ የማመልከቻው ቀነ ገደብና መጠኑም ከስቴት ስቴት ይለያያል። ሌሊት ሱቅ ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ ሲሠራ ለተገደለ ወገን ሕዝቡ ገንዘብ ሲያዋጣ ይህ ፈንድ ሳይጠየቅ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ራሱን ላጠፋ ሰው የሚለቀሰው ለቅሶ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም ለቀስተኛው ራሱ ምን እንደሚል ግራ ይገባዋል። «በድንገት» ይባልና ይዘጋል፤ ቤተሰቡም ጥያቄውን ይዞ ብቻውን ይቀራል። የአሜሪካ ራስን ማጥፋት መከላከያ ፋውንዴሽን በየስቴቱ እንዲህ ያለ ሐዘን የደረሰባቸው ሰዎች የሚገናኙባቸውን ቡድኖች ይዘረዝራል፤ በየዓመቱም ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ለእነሱ ብቻ የተለየ ቀን አለ። ሐዘንተኛው ራሱ መኖር ካስጠላው በማንኛውም ሰዓት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው ወደተዘጋጀው ስልክ፣ ወደ 988፣ ይደወላል፤ ከ240 በሚበልጡ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ስለሚያገናኙ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ከዚህ አገር ጋር የመጣ የራሳችን የሆነ ሐዘንም አለ። የጥገኝነት ጉዳዩ ስላላለቀ ወጥቶ መመለስ የማይችል ሰው የእናቱን ቀብር በስልክ ያያል። በጦርነቱ ዘመን ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየባቸው አካባቢዎች ልጆች መርዶአቸውን የሰሙት ከወራት በኋላ ነው። አስከሬን ሳያዩ፣ አፈር ሳይመልሱ የቀሩ ሰዎች እርም ማውጣት የሚባለውን ያውቁታል፤ ያ ወግ ለዚሁ የተሠራ ነው፣ እዚህም መደረግ አለበት። ለአማካሪው ግን ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። ቀብሩ ከስምንት ወር በፊት እንደነበር መዝገቡ ላይ ሲያይ ሐዘኑ የቆየ ሊመስለው ይችላል፣ ለሐዘንተኛው ግን የተጀመረው መርዶው የተነገረ ዕለት ነው።

ይህ የጊዜ ስሌት ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተራዘመ ሐዘንን እንደ ሕመም በመመርመሪያ መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። ለአዋቂ ሰው ከሞቱ ቢያንስ 12 ወር ያለፈው፣ ናፍቆቱ በየቀኑ የሚመላለስ፣ ኑሮውንም የሚያሰናክል መሆን አለበት፤ ደግሞም ከሐዘንተኛው ባህልና ሃይማኖት ልማድ ያለፈ መሆኑ መታየት አለበት ይላል። አንድ ዓመት የሚለው ልክ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ጥቁር የምታወልቅ ሴት የምትቆጥረው ያንኑ ዓመት ነው። ስለዚህ በአራተኛው ወር የምታለቅስ እናት ታማለች የሚላት ደንብ የለም፤ ድጋፍ ለማግኘት መታመምም አያስፈልግም። ከሙት ዓመቱም በኋላ ከአልጋ መነሳት ያቃታት ግን «እግዜር ያጽናሽ» ብቻ ሳይሆን ሐኪምም ያስፈልጋታል፣ ሕክምናውም አለ።

እድሮቻችን መዝገብ፣ ጸሐፊና የስልክ ሰንሰለት አላቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው ይጠራሉ። ከቀብሩ ገንዘብ ጋር የአካባቢውን ሆስፒስ፣ የልጆቹን ማዕከልና የስቴቱን የካሳ ፈንድ ስልክ የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈው ቢሰጡ፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ አንድ ሰው መድበው ቢያስደውሉ፣ ወጪው ከአንድ ካርቶን ውሃ አይበልጥም። ቄሱና ኢማሙም ይህን ገጽ በኪሳቸው ቢይዙት ሐዘንተኛው የሚያምነው ሰው ነገረው ማለት ነው።

ጎረቤቴ አራተኛው ፖስታ ላይ ወዳለው ቁጥር የደወለችው በሰባተኛው ወር ነው፤ ከዓመቱ ገና አምስት ወር ቀርቷት ነበር። ለብቻዋ ከአማካሪ ጋር እንድትነጋገር ቀጠሮ ተሰጣት፣ አስተርጓሚም በስልክ ገባች። አስተርጓሚዋ ስሟንና የሥራ ደንቧን ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያም በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ» አለቻት። ጎረቤቴ አለቀሰች። አማካሪዋ ምን እንደተባባሉ ጠየቀች፣ አስተርጓሚዋም ተረጎመችላት።